ማይክሮአልጌን በኮአጉላንትና በሜምብሬን መሰብሰብ፦ ሜምብሬኑ እንዳይደፈን ደረጃ በደረጃ

ቢከር ውስጥ ያማረ ዝቃጭ አይታችኋል። ያንኑ የኮአጉላንት (ደቃቁን አልጌ አያይዞ የሚያዘቅጥ ንጥረ ነገር) መጠን በርሜሉ ውስጥ ጨመራችሁ። ሜምብሬኑ (እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ) ግን ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ድፍን አለ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ኮአጉላንቱ የተመረጠው አልጌው ቶሎ እንዲዘቅጥ ብቻ ነው። ከኋላ የሚጠብቀውን ሜምብሬን ያሰበለት የለም። ውሃው ውስጥ የቀረ ትርፍ ኮአጉላንት፣ በተለይ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት ያለው ሞለኪውል) ከሆነ፣ ሄዶ ሜምብሬኑ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በየደረጃው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይሄ ሜምብሬኑ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል?»

ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። አልጌውን በኮአጉላንት እናሰባስባለን። እናዘቅጣለን። ከላይ ያለውን ውሃ ቀድተን በሜምብሬን እናጣራለን። ሜምብሬኑ ያስቀረውን አልጌ ከታችኛው ዝቃጭ ጋር እንቀላቅላለን። ለምሳሌ የምጠቀመው 100 ሊትር ነው። ለሌላ መጠን አባዙት ወይም አካፍሉት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ መመሪያ እንደ ክሎሬላና ሴኔዴስመስ ላሉ ደቃቅ አልጌዎች ነው። ሕዋሳቸው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፣ ክብደታቸውም ከውሃ ብዙ አይበልጥም። በዚያ ላይ ገጻቸው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ዝም ብሎ ማስቀመጥ የማያዘቅጣቸው ለዚህ ነው። ስፒሩሊና የምታሳድጉ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋችሁም። ክሩ ረጅም ስለሆነ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው የወንፊት ጨርቅ ይያዛል።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ፒኤች (የአሲድነት መጠን) መለኪያ፣ በዚያው ቀን በ4 እና በ7 መፍትሔ የተስተካከለ
- ስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ የሚለካ መሣሪያ)፣ ወይም የውሃ ድፍርስነት መለኪያ
- አንድ ሊትር የሚይዙ 6 ቢከሮችና ፍጥነቱ የሚስተካከል ማማሰያ
- የቫኪዩም ማጣሪያና 0.45 ማይክሮን የሆኑ ክብ የማጣሪያ ወረቀቶች
- ታቹ ሾጣጣ የሆነ በርሜል፣ ከጎኑ በተለያየ ከፍታ ቧንቧ ቢኖረው ይመረጣል
- የሜምብሬን ሞጁል፣ በመግቢያው፣ በመውጫውና በተጣራው ውሃ በኩል የግፊት ጌጅ ያለው
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና አየር የሚንሸራሸርበት ክፍል

ጌጁን «በኋላ እገዛለሁ» አትበሉ። ያለ ጌጅ ሜምብሬኑ እየተደፈነ መሆኑን የምታውቁት ከተደፈነ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ አልጌያችሁን ለኩ

1. ናሙና ውሰዱና በ750 ናኖሜትር የብርሃን መምጠጡን አንብቡ። 750 የተመረጠው ክሎሮፊል እዚያ ላይ ብርሃን ስለማይመጥ ነው። የምታዩት የሕዋሱን ብዛት እንጂ የቀለሙን ድምቀት አይደለም።
2. ደረቅ ክብደቱን ለኩ። አስቀድሞ ደርቆ የተመዘነ የመስታወት ክር ማጣሪያ ላይ 20 ሚሊሊትር አጣሩ። በ105 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁና እንደገና መዝኑ።
3. ፒኤቹን ለኩና ሰዓቱን ጻፉ።
4. በማይክሮስኮፕ እዩ። የተሰበሩ ሕዋሶች፣ ባክቴሪያ ወይም አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት በብዛት ካሉ ኮአጉላንቱም ሜምብሬኑም ይቸገራል።

የባሕር ውሃ አልጌ ከሆነ ማጣሪያው ላይ የቀረው ጨው ክብደቱን ያሳስታችኋል። 0.5 ሞላር በሆነ የአሞኒየም ፎርሜት መፍትሔ እጠቡት። ጨውን ያጥባል፣ ራሱ ደግሞ ሲደርቅ ተኖ ይጠፋል።

የሰዓቱ ነገር ቀላል አይደለም። አልጌ በብርሃን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበላ ፒኤቹ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሊያልፍ ይችላል። ጠዋት የሠራ መጠን ከሰዓት የማይሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ ብርሃን ሳይበረታ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ሰብስቡ።

ዕድሜም አለ። እድገቱ ቆሞ ብዙ ቀን የቆየ አልጌ የሚያሙለጨልጭ ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ይለቃል። ይህ ንጥረ ነገር ኮአጉላንቱን ከሕዋሱ በፊት ይበላዋል፣ ሜምብሬኑንም ይደፍናል። እድገቱ ሊቆም ሲል ሰብስቡ እንጂ ከቆመ በኋላ አትጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ኮአጉላንት ምረጡ

ምርጫው የሚወሰነው አልጌው ለምን እንደሚውል ነው።

ለምግብ ወይም ለመኖ ከሆነ አሉም (የአልሙኒየም ጨው) እና ፌሪክ ክሎራይድ (የብረት ጨው) አይሆኑም። ብረታ ብረቱ ከአልጌው ጋር ይቀራል፣ በማጠብም በቀላሉ አይለቅም። ካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ፖሊመር) ይሻላል። ከመሸጣችሁ በፊት ግን በምትሠሩበት አገር ለዚያ ጥቅም መፈቀዱን አረጋግጡ።

ፍሳሽ ለማጣራት ወይም ለባዮጋዝ ከሆነ አሉም ወይም ፌሪክ ክሎራይድ ይሆናል። ዋጋቸው ዝቅ ይላል፣ ሜምብሬኑንም ከፖሊመር ባነሰ ያስቸግሩታል። ፌሪክ ክሎራይድ አልጌውን ቡናማ ያደርገዋል፣ ብረትንና ቆዳንም ይበላል።

የባሕር ውሃ ከሆነ ካይቶሳን ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። ጨዉ የፖሊመሩን ሰንሰለት ይሸበሽበዋል፣ ቻርጁንም ይሸፍነዋል። በአሉም ወይም በፌሪክ ጀምሩ። መጠኑ ከጨው አልባው ውሃ እንደሚበልጥ ግን ጠብቁ።

የምትነሡበት ፒኤች፦ ለካይቶሳን ከ6 እስከ 7፣ ለአሉም ከ5.5 እስከ 7። አሉም ከዚህ በጣም ከወጣ አልሙኒየሙ ይሟሟል። የሟሟ አልሙኒየም በሜምብሬኑ ያልፋል፣ ፒኤቹ ሲቀየር ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እዚያ ከረጋ ለማስለቀቅ አበሳ ነው።

ደረጃ 3፦ መፍትሔውን በጥብጡ

ለካይቶሳን፦ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ሚሊሊትር አሴቲክ አሲድ ጨምሩ። በዚህ ውስጥ 1 ግራም ካይቶሳን በትኑና ሌሊቱን ሙሉ ይማሰል። ጠዋት ጥርት ያለ ካልሆነ አትጠቀሙበት። ጥርት ብሎ ጥቂት ያልሟሟ ቅንጣት ብቻ ከቀረበት ግን በጨርቅ አጥልሉት፣ አለዚያ ቀጥታ ሜምብሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚህ መፍትሔ 1 ሚሊሊትር በ1 ሊትር አልጌ ሲጨመር 1 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል እንዲሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩት።

ለአሉም፦ 10 ግራም በ1 ሊትር ውሃ። 1 ሚሊሊትር በ1 ሊትር አልጌ ሲጨመር 10 ሚሊግራም በሊትር ነው። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ።

ደረጃ 4፦ ጃር ቴስት (ትክክለኛውን መጠን በቢከር መፈለጊያ ሙከራ)

1. በ6ቱም ቢከሮች 1 ሊትር አልጌ ቅዱ። አንዱን ምንም ሳትጨምሩበት ለማወዳደሪያ ተዉት።
2. ፒኤቹን አስተካክሉ።
3. በ5ቱ ላይ ለካይቶሳን 5፣ 10፣ 20፣ 40 እና 80 ሚሊግራም በሊትር ጨምሩ። ለአሉም 50፣ 100፣ 150፣ 200 እና 300 ሞክሩ።
4. በደቂቃ በ150 ዙር ለ1 ደቂቃ አማስሉ።
5. ወደ 30 ዙር አውርዱና ለ15 ደቂቃ ቀጥሉ። እንደ ጥጥ ብናኝ ያሉ ፍሎኮች (የተያያዙ የአልጌ ስብስቦች) መታየት አለባቸው።
6. አቁሙና 30 ደቂቃ ጠብቁ።
7. ከውሃው ገጽ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ናሙና ውሰዱ። በ750 ናኖሜትር አንብቡ። ፒኤቹንም እንደገና ለኩ፣ አሉምና ፌሪክ ያወርዱታል።

የተሰበሰበው በመቶኛ እንዲህ ይሰላል፦ የመጨረሻውን ንባብ ለመጀመሪያው አካፍሉ፣ ውጤቱን ከ1 ቀንሱ፣ በ100 አባዙ። 0.90 የነበረው 0.09 ከሆነ 90 በመቶ ተሰብስቧል ማለት ነው።

ካልሠራ፦

ፍሎክ ጭራሽ ካልታየ መጀመሪያ ፒኤቹን እዩ። መጠን መጨመር ሁለተኛ ነው።

መጠኑ ሲጨምር ውሃው መልሶ ከደፈረሰ ከልክ አልፋችኋል። ሕዋሱ አሁን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ እንደገና እየተገፋፋ ነው። እዚህ ላይ ተጨማሪ ኮአጉላንት መጨመር ያባብሳል። ወደ ኋላ ተመለሱ።

ፍሎኩ ከዘቀጠ በኋላ ተመልሶ ከተንሳፈፈ በብርሃን የፈጠረው የኦክስጅን አረፋ ይዞት ነው። ቢከሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፍናችሁ ድገሙት።

ደረጃ 5፦ ብዙዎች የሚዘሉት የማጣሪያ ሙከራ

አደራ ይህን አትዝለሉ። የሚወስደው ግማሽ ሰዓት ነው። የሚያድነው ግን ሜምብሬኑን ነው።

1. ከየቢከሩ ከላይ ያለውን ውሃ 100 ሚሊሊትር ውሰዱ።
2. በአዲስ 0.45 ማይክሮን ወረቀት፣ በሁሉም ላይ በተመሳሳይ የቫኪዩም ግፊት አጣሩ።
3. 100 ሚሊሊትሩ አልፎ እስኪያልቅ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጻፉ።
4. ምንም ያልተጨመረበትን ቢከርም እንዲሁ አድርጉ።

አሁን ሁለት ቁጥር አላችሁ፦ የተሰበሰበው በመቶኛና የማጣሪያው ሰከንድ። መጠኑ ሲጨምር ሰከንዱ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። እንደገና መውጣት የሚጀምርበት ቦታ ትርፍ ኮአጉላንት ውሃው ውስጥ መቅረቱን ይነግራችኋል። በተለይ ካይቶሳን ፖዘቲቭ ስለሆነ ብዙዎቹ ሜምብሬኖች ካላቸው ኔጌቲቭ ገጽ ጋር ይጣበቃል።

የምትመርጡት መጠን ሰከንዱ ዝቅ ካለባቸው ውስጥ ትንሹ ነው። 20 ሚሊግራም 88 በመቶ ሰብስቦ በ40 ሰከንድ ካለፈ፣ 40 ሚሊግራም ደግሞ 97 በመቶ ሰብስቦ 75 ሰከንድ ከፈጀ፣ እኔ ያለ ማመንታት 20ውን እወስዳለሁ። የቀረውን 12 በመቶ ሜምብሬኑ ይይዘዋል። ሥራው ነው።

ደረጃ 6፦ በበርሜሉ ላይ

የቢከሩ ዙር በበርሜል ላይ አይሠራም። ትልቅ ማማሰያ በዚያው ዙር ቢሽከረከር ጫፉ እጅግ ይፈጥናል፣ ፍሎኩንም ይሰባብረዋል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ በርሜሉን በንጹሕ ውሃ ሙሉና ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ። ቀለሙ በስንት ሰከንድ እኩል እንደተዳረሰ እዩ። 30 ሰከንድ ገደማ ከፈጀ ፈጣኑ ፍጥነታችሁ እሱ ነው። 2 ደቂቃ ከፈጀ ፍጥነቱን ጨምሩ፣ ወይም ኮአጉላንቱን በአንድ ቦታ ሳይሆን በብዙ ቦታ አፍስሱ።

1. አየር ማስገቢያውንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ዝጉ። አረፋ ፍሎክን ያንሳፍፋል።
2. ፒኤቹን በጃር ቴስቱ ላይ ወደሠራው አምጡ።
3. መጠኑን አስሉ። 20 ሚሊግራም በሊትር ለ100 ሊትር 2 ግራም ነው። ይህም ከካይቶሳኑ መፍትሔ 2 ሊትር ይሆናል።
4. በፍጥነት እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ቀጥሉ።
5. ፍጥነቱን አውርዱ። ፍሎኩ ሳይሰበር እንዲዞር ብቻ፣ ለ15 ደቂቃ።
6. አቁሙ፣ ሸፍኑ፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ አዘቅጡ።
7. ከላይ ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ቅዱ። 90 ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ከላይ ይወጣል፣ 10 ሊትር ያህል ወፍራም ዝቃጭ ከታች ይቀራል።

ዝቃጩ ከተረበሸ ቅጃውን አቁሙና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ፍሎኩ ከተሰባበረ ደግሞ ለ10 ደቂቃ በዝግታ አማስሉት። ካይቶሳን በከፊል መልሶ ይይዛል፣ የአሉም ፍሎክ ግን አንዴ ከተሰበረ ወደ ቀድሞው መጠኑ አይመለስም።

ደረጃ 7፦ ሜምብሬኑን አዘጋጁ

አዲስ ሜምብሬን ብዙውን ጊዜ ግሊሰሪን ወይም ሌላ መጠበቂያ ፈሳሽ ተቀብቶ ይመጣል። በንጹሕ ውሃ በደንብ አጥቡት። ከዚያ በኋላ ፖሊመር ሜምብሬን መድረቅ የለበትም። የደረቀ ቀዳዳ ተመልሶ በደንብ አይርስም፣ ውሃም እንደ በፊቱ አያሳልፍም።

ስፋቱን አስቡ። በሰዓት ከአንድ ካሬ ሜትር 30 ሊትር ቢያልፍ፣ 90 ሊትሩን በ3 ሰዓት ለመጨረስ 1 ካሬ ሜትር ያስፈልጋችኋል። ግማሽ ካሬ ሜትር ካላችሁ 6 ሰዓት ያዙ። ግፊት ጨምሮ ለማፋጠን መሞከር አይሠራም። ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ከሥራ በፊት ንጹሕ ውሃ አሳልፉና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ግፊቱን፣ የውሃውን ሙቀትና በሰዓት ያለፈውን ሊትር። ይህ ቁጥር የሜምብሬኑ የጤና ካርድ ነው። ሙቀቱን የምትጽፉት ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚወፍር ነው። የአንድ ዲግሪ ልዩነት ፍሰቱን ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይቀይረዋል።

ደረጃ 8፦ አጣሩ

ፓምፑ ፔሪስታልቲክ (ቱቦ እየጨመቀ የሚገፋ) ወይም ዲያፍራም ይሁን። ፈጣን ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የቀረውን ፍሎክ ይፈጨዋል፣ ደቃቅ ስባሪ ደግሞ ቀዳዳ ይዘጋል። ከፓምፑ በፊት 200 ማይክሮን ያህል ወንፊት አድርጉ።

ግፊቱን እንዲህ አስሉ። የመግቢያውንና የመውጫውን ደምሩ፣ ለ2 አካፍሉ፣ የተጣራውን ውሃ ግፊት ቀንሱ። መግቢያ 0.6፣ መውጫ 0.4፣ የተጣራው 0.1 ባር ከሆነ ውጤቱ 0.4 ባር ነው።

1. የተጣራውን ውሃ ቧንቧ ዘግታችሁ ውሃውን በሜምብሬኑ ገጽ ላይ ብቻ አዙሩ። አየሩ ይውጣ።
2. ቧንቧውን በጥቂቱ ክፈቱ። በሰዓት በካሬ ሜትር 10 ሊትር ላይ ጀምሩ።
3. 15 ደቂቃ ጠብቁ። ግፊቱ ካልተነቃነቀ በ5 ሊትር ጨምሩ።
4. በአንዱ እርከን ላይ ግፊቱ ሳያቋርጥ መውጣት ከጀመረ ገደቡን አግኝታችኋል። ከዚያ ቁጥር 75 በመቶ ላይ ሥሩ።
5. ሞጁላችሁ ወደ ኋላ መታጠብን የሚፈቅድ ከሆነ በየ15 ደቂቃው ለ30 ሰከንድ በተጣራው ውሃ ወደ ኋላ እጠቡት። ጠፍጣፋ ሜምብሬን አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይችልም። ለእሱ የተጣራውን ቧንቧ ለ1 ደቂቃ ዝጉና በገጹ ላይ ማዞሩን ቀጥሉ።
6. ያላለፈው ውሃ 5 ሊትር ያህል ሲቀር አቁሙ። ፓምፑ አየር እስኪስብ አትጠብቁ።

ግፊቱ ከወጣ፦ ለመጨመር የሚገፋፋው ስሜት ይገባኛል፣ ግን አትጨምሩ። ግፊት አልጌውን ሜምብሬኑ ላይ ይጨቁነዋል፣ ፍሰቱ ለ5 ደቂቃ ተሻሽሎ ከበፊቱ ይብሳል። የተጣራውን ፍሰት በግማሽ ቀንሱ፣ በገጹ ላይ የሚዞረውን ጨምሩ፣ ወደ ኋላ እጠቡ። ግፊቱ ከተመለሰ ገጹ ላይ የተቀመጠ ኬክ (የአልጌ ንጣፍ) ብቻ ነበር። ካልተመለሰ ቀዳዳው ውስጥ የገባ ወይም የተለጠፈ ነገር አለ። አቁሙና ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

የተጣራው ውሃ አረንጓዴ ከሆነ ሜምብሬኑ ተቀዷል ወይም ማሸጊያው ለቋል። ወዲያው አቁሙ። ውሃው ያለ ድፍርስ ሆኖ ቢጫ ቢመስል ግን አትደንግጡ፣ የሟሟ ንጥረ ነገር ነው።

እንደ ዱናሊየላ ያለ ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው አልጌ ከሆነ የሚዞረውን ፍጥነት ዝቅ አድርጉ። ሕዋሱ ከፈነዳ ምርታችሁ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ሜምብሬኑም በውስጡ ባለው ነገር ይደፈናል።

ደረጃ 9፦ ያኔውኑ አጽዱ

«ነገ አጥበዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ያደረ አልጌ ይጣበቃል፣ ይበሰብሳል።

1. በንጹሕ ውሃ ያለ ግፊት 10 ደቂቃ አዙሩ። የመጀመሪያውን ውሃ አትድፉት፣ አልጌ አለበት።
2. በ200 ሚሊግራም በሊትር ክሎሪን ለ30 ደቂቃ እጠቡ። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ካላችሁ በ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊሊትር ነው።
3. የክሎሪን ሽታ ጨርሶ እስኪጠፋ አጥቡ።
4. አሉም ወይም ፌሪክ ከተጠቀማችሁ በ1 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ለ30 ደቂቃ አዙሩና አጥቡ።
5. የንጹሕ ውሃ ፍሰቱን በደረጃ 7 በተጻፈው ግፊትና ሙቀት ለኩ። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ማጽዳቱን ድገሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናና አሲድ በፍጹም አይገናኙ። ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባን ይጎዳል። በተመሳሳይ ባልዲ እንኳ ሳይታጠብ አትጠቀሙ።

ሁሉም ሜምብሬን ክሎሪን አይችልም። ፒቪዲኤፍ (የፕላስቲክ ዓይነት) እና ሴራሚክ ይችላሉ፣ ፖሊአማይድ አይችልም። የአምራቹን ወረቀት አንብቡና የፈቀደውን መጠን ተከተሉ።

ደረጃ 10፦ ዝቃጩና ውሃው

የታችኛውን 10 ሊትርና ሜምብሬኑ ያስቀረውን 5 ሊትር ቀላቅሉ። ወፍራም ስለሆነ ወደ ሜምብሬኑ አትመልሱት፣ ቀጫጭን ቱቦዎችን ይዘጋል። በሴንትሪፉጅ ወይም በጥብቅ ጨርቅ ውሃውን ጨርሱና የዚያኑ ቀን አድርቁ። ካልቻላችሁ በ4 ዲግሪ አስቀምጡትና ከ24 ሰዓት አታሳልፉ።

የተጣራው ውሃ ለሚቀጥለው ዙር ሊመለስ ይችላል። አሉምና ፌሪክ ግን ፎስፌትን ይዘው ይወርዳሉ። ውሃውን ስትመልሱ ፎስፌት ለክታችሁ የጎደለውን ሙሉ፣ ፒኤቹንም አስተካክሉ። መጀመሪያ ሩቡን ብቻ መልሱ። እድገቱ ካልቀነሰ ወደ ግማሽ ከፍ አድርጉ። የሟሟው ንጥረ ነገር በየዙሩ ስለሚጠራቀም የማጣሪያውን ሰከንድ በየዙሩ መዝግቡ። በተመሳሳይ መጠን ሰከንዱ በተከታታይ ሦስት ዙር ከጨመረ የተመለሰውን ውሃ ድፉና በአዲስ ጀምሩ።